ለቤት የሚሆን ትንሽ ቶርኖ፦ የትኛው ለየትኛው ቤት?

ቶርኖ፣ ማለትም ብረትን እያዞረ በመቁረጫ የሚልጥ ማሽን፣ ሲገዙ በዋናነት የሚገዙት ክብደት ነው። መቁረጫው ብረቱን ይገፋል፣ ብረቱም መልሶ መቁረጫውን ይገፋል። በመሃል ያለው የማሽኑ አካል ቀጭን ከሆነ ይለመጣል፣ ይንቀጠቀጣል፤ የተላጠው ገጽ ላይም ሞገድ የመሰለ ጠባሳ ይቀራል። ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው፦ ደረጃዎ፣ ወለልዎና የመብራት መስመርዎ ከሚችሉት ውስጥ ከባዱን ይግዙ። መሃል አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ አጭር ምክር ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል። ልደታ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰውና ጎላ ሚካኤል አካባቢ ሲሚንቶ ወለል ያለው ሰርቪስ ቤት ያለው ሰው አንድ ዓይነት ማሽን አይገዙም።

የዋጋ ቁጥር እዚህ አናስቀምጥም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ከወር በኋላ ሰው ከማሳሳት ሌላ ጥቅም የለውም።

መግዛቱ ያዋጣል?

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቡሽ ለማስላጥ ወይም የተበላ ዘንግ አስሞልቶ ለማስተካከል ከሆነ አያዋጣም። መርካቶና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት አይጠፋም። እዚያ ያለው ማሽን ከባድ ነው፣ ባለሙያውም ቀኑን ሙሉ ሲሠራበት የሚውል ሰው ነው፤ 40 ኪሎ የሚመዝን የቤት ማሽን አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን ሥራ በደቂቃዎች ያወጣዋል።

የራስ ቶርኖ የሚያስፈልገው ሥራው ትንንሽ ሆኖ ሲደጋገም ነው። የማኪያቶ ማሽን ጠጋኝ የሚፈልጋቸው የናስ መገጣጠሚያዎች፣ የልብስ ስፌት ማሽን ፒኖች፣ የሞተር ሳይክል ስፔሰሮች፣ የምህንድስና ተማሪ ዛሬ ሠርቶ ነገ የሚያሻሽለው ናሙና ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለው ሰው ከገንዘቡ በፊት ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ለማስነሳት ብቻ እንደገና ታክሲ መያዝ ይኖርበታልና።

ማስታወቂያው ላይ ያሉት ቁጥሮች

“180×350” ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ከአልጋው (መቁረጫው የሚንሸራተትበት ረጅሙ የማሽኑ መሠረት) በላይ ሳይነካ ሊዞር የሚችለው ትልቁ ዲያሜትር ነው። ሁለተኛው በሁለቱ ሴንተሮች (ሥራውን ከግራና ከቀኝ የሚደግፉ ሾጣጣ ብረቶች) ጫፍ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለቱም ካሰቡት በላይ ያሳስታሉ።

ዲያሜትሩን እንይ። 180 ሚሊሜትር የሚሆነው ሥራው ከአልጋው በላይ ብቻ ሲሆን ነው። መቁረጫውን የተሸከመው ክሮስ ስላይድ ከሥሩ ሲገባ የሚቀረው 110 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 150 ሚሊሜትር የሆነ ፍላንጅ ፊቱን መላጥ ይቻል ይሆናል፣ ጎኑን በርዝመቱ መላጥ ግን አይቻልም። የእንግሊዝ ማሽኖች ደግሞ የሚለኩት በሴንተር ከፍታ፣ ማለትም በግማሹ ነው፤ “ሦስት ተኩል ኢንች” የተባለው ማይፎርድ ከ180 ሚሊሜትሩ የቻይና ማሽን ጋር እኩል ነው። ይህን የማያውቅ ደላላ ማሽኑን ከአሻንጉሊት ቆጥሮት ሊያረክስ ይችላል፤ ለገዢ መጥፎ ዜና አይደለም።

ርዝመቱ የባሰ ነው። 350 ሚሊሜትር ባለው ማሽን ላይ አንድ ዘንግ ጫፉን በ10 ሚሊሜትር ፑንታ ሊበሱ ነው እንበል። ሥራውን የሚጨብጠው ቸክና መንጋጋዎቹ 65 ሚሊሜትር ገደማ ይወስዳሉ። ከቸኩ ፊት ለፊት ባለው ድጋፍ፣ በቴልስቶኩ፣ ላይ የሚገባው የድሪል ቸክ 90 ገደማ ይወስዳል። 10 ሚሊሜትር ፑንታ በጠቅላላው 133 ሚሊሜትር ነው፣ ወደ ድሪል ቸኩ የሚገባው ተቀንሶ 95 ያህል ይወጣል። ለሥራው የሚተርፈው 100 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ ማለት ነው። በ300ው ማሽን ደግሞ 50። ሁለቱ ማሽኖች በዋጋ የሚቀራረቡ ከሆነ 350ውን ይውሰዱ፤ እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ሦስተኛ ቁጥር አለ፦ የስፒንድሉ፣ ማለትም ቸኩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ቀዳዳ። ረጅም ዘንግ ሳይቆረጥ የሚሠራው በዚህ ቀዳዳ አልፎ ነው። 180ዎቹ ላይ 20 ሚሊሜትር ነው። የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 21.3 ሚሊሜትር ስለሆነ አያልፍም፤ በአንድ ሚሊሜትር ምክንያት። ባለ ሦስት አራተኛው 26.9፣ ባለ አንድ ኢንቹ 33.7 ነው። ከቧንቧ ጋር የተያያዘ ሥራ ያለው ሰው 38 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለውን 210 ወይም 250 መፈለግ አለበት፤ በሌላ ነገር አይደራደር።

ዋትን በተመለከተ ትልቁን ቁጥር አትመኑ። ወሳኙ ማሽኑ ቀስ ብሎ ሲዞር ጉልበት አለው ወይ የሚለው ነው። ለተራ ብረትና ለኤችኤስኤስ (በእጅ ተሞርዶ የሚሳል ጠንካራ ብረት) መቁረጫ ቀላል ስሌት አለ፦ 8,000ን በሥራው ዲያሜትር በሚሊሜትር ያካፍሉ፣ የሚወጣው በደቂቃ የዙር ብዛት ነው። 10 ሚሊሜትር ዘንግ 800 ዙር፣ 60 ሚሊሜትር 133፣ 100 ሚሊሜትር 80 ዙር ይፈልጋል። ለአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ቢደረግ ችግር የለውም። ፍጥነቱ በቁልፍ ብቻ የሚስተካከል ማሽን 100 ዙር ላይ ሲወርድ ሞተሩ በእጅ ተይዞ የሚቆም ከሆነ ትልቅ ዲያሜትር አይሠራበትም። ፍጥነቱን በፑሌጃ ወይም በጊር ዝቅ የሚያደርግ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ይሻላል።

በጣም ትንንሾቹ

ሸርላይን የተባለው የአሜሪካ ማሽን 90 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 200 ሚሊሜትር ርዝመት ይቀበላል፤ 11 ኪሎ ገደማ ነው። የሲግ ሲ0 ደግሞ 110×125 ሆኖ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሊገቡ ይችላሉ፤ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ ስለማይቀበሉ ከዚያ ልክ የሚያልፍ ቶርኖ በዚህ መንገድ አይመጣም። ሸርላይኑ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አይፈልግም።

ለሰዓት፣ ለካሜራ፣ ለሞዴል፣ ለናስና ለአሉሚኒየም በቂ ናቸው፤ በሥራ ጥራትም ሸርላይኑ ከብዙ ትልልቆች ይበልጣል። ለብረት ግን በአንድ ጊዜ 0.2 ሚሊሜትር እየላጡ መቆየትን የሚጠይቁ ናቸው። የብሎን ጥርስ ማውጣትም ሸርላይኑ ላይ ለብቻው የሚገዛና በእጅ የሚዞር ተጨማሪ ዕቃ ይፈልጋል።

180ዎቹ

አብዛኛው ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ 40 ኪሎ ገደማ፣ በሁለት ሰው ደረጃ የሚወጣ። ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት የቻይና ፋብሪካዎች የወጣ አንድ ዓይነት ማሽን ነው። ከቀለምና ከስም ይልቅ ሁለት ነገር ይለየዋል፦ ሞተሩና ጊሩ።

የድሮው ዓይነት ካርቦን (እያለቀ የሚቀየር የኤሌክትሪክ መገናኛ) ያለው 350 ዋት ገደማ ሞተርና ሄድስቶኩ (ስፒንድሉን የተሸከመው ክፍል) ውስጥ የፕላስቲክ ጊር አለው። አዲሱ ካርቦን የሌለው 500 ወይም 600 ዋት ሞተር ሆኖ በቺንጋ ይነዳል። ሁለተኛው ዝምተኛ ነው፣ ቀስ ሲልም የተሻለ ጉልበት አለው፤ አቅም ካለ እሱ ይሻላል። የመጀመሪያው ግን አንድ ጥቅም አለው፦ ካርቦኑን መርካቶ ከድሪል ካርቦን ሞርዶ የሚያስተካክል ሰው ያገኛል፣ ሞተሩንም ሞተር ጠምጣሚ ያድነዋል። ካርቦን የሌለው ሞተር ቦርዱ ከተቃጠለ ተመሳሳዩን ቦርድ ከማስመጣት ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ሻጩን “መለዋወጫ ቦርድ አለህ?” ብለው ይጠይቁ፤ ካለው አንዱን አብረው ይግዙ።

የፕላስቲኩ ጊር ሲሰበር ሰው ይናደዳል። ነገር ግን መቁረጫው ሥራው ውስጥ ሲሰካ በቅድሚያ እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ ያህል ያገለግላል፤ በብረት ጊር ከተተካ በኋላ የሚቀጥለው ተሰባሪ የበለጠ ውድ ነው። ሁለት መጠባበቂያ ጊር አስቀምጦ በፕላስቲኩ መቀጠል ይሻላል።

ኩሽኔታው 6206 ነው፤ 30×62×16 ሚሊሜትር የሆነ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሁሉ የሚገኝ። ብዙዎች በ30206 ኮኒክ ኩሽኔታ ይቀይሩታል፣ ጥንካሬውም ይጨምራል። የ30206 ስፋት ግን 17.25 ሚሊሜትር ስለሆነ እንዲሁ አይገባም፤ ስፔሰሮቹን በዚያው ልክ ማሳጠር ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ የቀየረ ሰው ሽፋኑ አልገጥም ሲለው በመዶሻ ይመታዋል፤ አዲሱ ኩሽኔታ የሚበላሸው ያኔ ነው።

210ና 250ው

210ው ከ70 ኪሎ ወዲያ፣ 250ው ከ110 ኪሎ ወዲያ ነው። ምድር ቤት፣ ጋራዥ ወይም ሊፍት ያለው ሰው 180ውን ዘሎ 210 ቢገዛ አይቆጨውም። አልጋው ሰፊ ነው፣ መቁረጫው 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ብረት ላይ በአንድ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለ ጭንቀት ይወስዳል። 180ው ላይ ለዚያው ሥራ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ አለ። 250ው ደግሞ ለትንሽ ወርክሾፕ የሚሆን ነው፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ቸኩን ማንሳት እንኳ ከባድ ነው።

የድሮ ብረት

ከጀርመን፣ ከእንግሊዝ ወይም ከሶቪየት ዘመን የቀሩ ትንንሽ ቶርኖዎች አንዳንዴ ከሚዘጋ ወርክሾፕ ወይም ከጨረታ ይወጣሉ። ማይፎርድ ኤምኤል7 ከ1946 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የተሠራ፣ 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የእንግሊዝ ማሽን ነው። የሶቪየቱ ቲቪ-4 ለትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራ ሲሆን 200 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 350 ሚሊሜትር ርዝመት ብቻ እየተቀበለ 280 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 180ው ጋር ሲነጻጸር ተመሳሳይ መጠን፣ ሰባት እጥፍ ብረት ማለት ነው። ያልተበላ ቢገኝና ሲሚንቶ ወለል ቢኖር ከአዲሱ የቻይና ማሽን እንመርጠዋለን።

ግን ባሕሪያቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤምኤል7 ከ640 ዙር በላይ ስለማይሄድ ካርባይድ (ከኤችኤስኤስ የጠነከረ ግን ተሰባሪ) መቁረጫ አይጠቀምበትም፤ ኤችኤስኤስ ሞርዶ መሥራት የማይወድ ሰው አይግዛው። ቸኩም በጥርስ ስፒንድሉ ላይ ተጠምዝዞ የሚታሰር ስለሆነ፣ ማሽኑ ወደ ኋላ እየዞረ ከተቆረጠበት ሊፈታና ሊወድቅ ይችላል። አዲሶቹ 180ዎች ቸኩን በሦስት ዳዶ ስለሚያስሩ ይህ አደጋ የለባቸውም።

መብራቱ

የድሮዎቹ ማሽኖች ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ናቸው፤ የቤት ቆጣሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ፌዝ 220 ነው። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የሞተሩን ሰሌዳ ያንብቡ። “220/380” የሚል ከሆነ ሽቦው በዴልታ ተቀይሮ ከባለ አንድ ፌዝ ወደ ሦስት ፌዝ በሚለውጥ ኢንቨርተር ይሠራል፤ ፍጥነት መቀያየርም በትርፍነት ይገኛል። “380/660” የሚል ከሆነ ግን ሞተሩን እንደገና ማስጠምጠም ወይም መቀየር ነው፤ ያንን ወጪ ከዋጋው ያስቀንሱ።

የኢንቨርተሩን መጠን ሲመርጡ ከተማችን ከፍ ያለች መሆኗን አይርሱ። ሞተሮችና ኢንቨርተሮች አቅማቸው የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብሎ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በተለመደው በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ስሌት ከ13 እስከ 14 በመቶ ይቀነሳል። በዚያ ላይ የሚገባው አንድ ፌዝ ብቻ ነው። 1.5 ኪሎ ዋት ሞተር ላለው ማሽን 2.2 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር መግዛት ብክነት አይደለም። ለትንንሾቹ ማሽኖችም ነገሩ ይሠራል፦ 350 ዋቱ ሞተር ቀስ እያለ ሲዞር የራሱ ማራገቢያም ቀስ ይላል፤ ሩብ ሰዓት ከሠሩ በኋላ ሞተሩን በእጅ ይንኩት፤ እጅ ካቃጠለ ይረፍ።

የቮልቴጅ መውረድ የቦርዶች ዋና ጠላት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ቶርኖው ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሆነ እንጀራ ሲጋገር ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ቦርዱም ሊያጠፋው ይችላል። ከተቻለ ከብሬከሩ በቀጥታ የራሱ 2.5 ሚሜ ካሬ ሽቦ ይሳብለት፤ ግራውንዱም የእውነት ግራውንድ ይሁን። ስታብላይዘር ከተገዛ ቮልቴጁን ቀስ ብሎ የሚያስተካክለው ሰርቮው ይሻላል፤ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዘለው ዓይነት ለቦርድ አይመችም። ገንዘብ ካጠረ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ የሚቆርጠው የፍሪጅ መከላከያ ከባዶ ይሻላል፣ የአምፔር ልኩ ከማሽኑ በላይ እስከሆነ ድረስ።

አንድ ፈተና ግን ሳይደረግ ገንዘብ አይከፈልም። ማሽኑ እየዞረ ሳለ ሶኬቱን ከግድግዳው ይንቀሉትና መልሰው ይሰኩት። በራሱ ከተነሳ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ቸኩ ላይ እጁን እንዳደረገ ይነሳል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚቆልፍ ማብሪያ ማጥፊያ እስኪገባለት ድረስ አይሠራበት።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክ ካለ፣ 110 ቮልቱን በትራንስፎርመር ማስተካከል ይቻላል፤ 60 ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይርም። ካርቦን ላለው ሞተር ልዩነት የለውም። ተራ የኤሲ ሞተር ያለው ግን ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። ዳያሎቹና ሊድ ስክሪውም (ጥርስ ሲወጣ መቁረጫውን የሚጎትተው ረጅም ብሎን) በኢንች ይሆናሉ፤ በሚሊሜትር ለሚሠራ ሰው ይህ በየቀኑ የሚያበሳጭ ነገር ነው።

ሲገዙ የሚደረግ ፍተሻ

ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከማግኔት መቆሚያው ጋር፣ ማይክሮሜትርና 25 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ የብረት ዘንግ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ “ማሽኑ እንደ አዲስ ነው” ካለ ፍተሻውን አይፈራም።

በመጀመሪያ ቸኩን አውልቀው ጌጁን የስፒንድሉ ውስጠኛ ኮን ላይ አሳርፈው በእጅ ያዙሩ። መርፌው ከ0.01 ሚሊሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ብዙ ሰው የሚለካው ቸኩ የያዘውን ዘንግ ነው፤ ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ 0.05 አልፎም እስከ 0.1 ቢዋልል የቸኩ ጠባይ ነው፣ ማሽኑን አያስጥልም። ቀጥሎ ጌጁን ስፒንድሉ አፍንጫ ላይ አድርገው ቸኩ በያዘው ዘንግ ስፒንድሉን ወደ ላይ ይጎትቱ። 0.02 ይታለፋል። 0.05 ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል፤ አጥብቀው እንደገና ይለኩ።

የአልጋውን መበላት ለማወቅ ካሬጁን (መቁረጫውን ተሸክሞ አልጋው ላይ የሚሄደውን ክፍል) ቸኩ አጠገብ አምጥተው ማጥበቂያዎቹን በትንሹ እንዲይዝ አድርገው ያስሩ፤ ከዚያ ወደ ቴልስቶኩ ይግፉት። ሁሉም ሥራ የሚሠራው ቸኩ አጠገብ ስለሆነ የሚበላውም እዚያ ነው። መሃል ላይ ደርሶ አልሄድም ካለ አልጋው ተበልቷል። ይህን ማሳደስ የሚቻል ቢሆንም ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የመጨረሻው የሙከራ ቁርጥ ነው። ዘንጉ ከቸኩ 100 ሚሊሜትር ይውጣ፣ በቴልስቶክ አይደገፍ። ከላጡት በኋላ 0.1 ሚሊሜትር ጥልቀት ሰጥተው በቀጭን ፊድ (መቁረጫው በየዙሩ ጥቂት ብቻ እየተራመደ) ይለፉበት፤ ጥልቀቱን ሳይነኩ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ከዚያ ቸኩ አጠገብና ጫፉ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ 0.02 ከሆነ ጥሩ ማሽን ነው። 0.05 ከሆነ አልጋው ባልተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱን እግር ብሎን አላልተው ሲደግሙት ከተሻሻለ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው። ጫፉ ወፍሮ ከቀረና በድግግሞሹ ከቀነሰ ደግሞ ዘንጉ ራሱ ስለተለመጠ ነው። 0.1 ሆኖ ምንም ቢያደርጉት የማይለወጥ ከሆነ፣ አመስግነው ይውጡ።

አዲስ ማሽንም ከፍተሻ አያመልጥም። ከሣጥኑ ሲወጣ የዝገት መከላከያ ግራሶ ተለቅልቆ ነው፤ አንዳንዴም ብረቱ ቀልጦ ሲቀረጽ የቀረ አሸዋ ውስጡ ይገኛል። ክሮስ ስላይዱን ፈትቶ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ማጥበቂያዎቹን ማስተካከል፣ 68 ቁጥር ሃይድሮሊክ ዘይት መቀባት ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ብናኝ አልጋውን ይሞርደዋል። በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ አልጋው ለሳምንት ያለ ዘይት ከቀረ ቀይ ነጥብ ያወጣል።

ፎቅ ላይ

አብዛኛው ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። 40 ኪሎውን በሁለት ሰው፣ 70 ኪሎውን ሞተሩን፣ ቴልስቶኩንና ቸኩን ነጥሎ በሦስት ሰው ማውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ መሞከር ጣትና ደረጃ መስበር ነው። ማሽኑ ሲነሳ በአልጋው እንጂ በሊድ ስክሪው ወይም በእጀታው እንዳይያዝ ለተሸካሚዎቹ ይንገሩ፤ የተጣመመ ሊድ ስክሪው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከደረጃ ላይ ነው።

መቆሚያውን ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ከ40×40 ቱቦላሬ ይሠራዋል፤ ላዩ 10 ሚሊሜትር ላሜራ ወይም 5 ሴንቲሜትር እንጨት ይሁን። በእግሮቹ ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ ለታች ጎረቤት ይጠቅማል፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ የአሸዋ ከረጢት ሲጨመር መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ለድምፁ ጥሩ ይመስላል፣ ዝናቡና ጤዛው ግን በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል።

ጥርስ ማውጣት

ማሽኑ ጋር የሚመጡትን የሚቀያየሩ ጊሮች ቆጥረው ይረከቡ፤ ያገለገለ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይጎድላሉ፣ ተመሳሳዩን ማግኘትም ችግር ነው። ተራ የሜትሪክ ብሎን ለሚያወጣ 1.5 ሚሊሜትር ሊድ ስክሪው ያለው ማሽን ይበቃል። የውሃና የቡና ማሽን መገጣጠሚያ ግን በኢንች ነው፦ የሩብና የሦስት ስምንተኛው በአንድ ኢንች 19 ጥርስ፣ የግማሽና የሦስት አራተኛው 14፣ የአንድ ኢንቹ 11፤ ማዕዘኑም 55 ዲግሪ ነው። 60 ዲግሪ በተሞረደ መቁረጫ ካወጡት ይጠመዘዛል፣ ግን ያፈሳል። እንዲህ ያለውን በሜትሪክ ሊድ ስክሪው ሲያወጡ ሊድ ስክሪውን የሚይዘው እጀታ ከተዘጋ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ አይከፈትም፤ መቁረጫውን ወደ ኋላ ስቦ ሞተሩን ገልብጦ መመለስ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ኋላ የማይዞር ማሽን ለዚህ ሥራ አይገዛም።

ለመቁረጫ የሚቀመጥ ገንዘብ

ገንዘቡን ሁሉ ለማሽን የጨረሰ ሰው ማሽኑን አይቶ ይቀመጣል። የማሽኑን ዋጋ ግማሽ ያህል ለዕቃ ያስቀምጡ። ባለ አራት መንጋጋ ቸክ ክብ ላልሆነና ትክክል መሃል ለሚፈልግ ሥራ ነው። የድሪል ቸክ፣ የሚዞር ሴንተር፣ በቶሎ የሚቀየር ቱል ፖስት (የመቁረጫ መያዣ)፣ ካሊፐርና ማይክሮሜትር፣ ትንሽ የመሞረጃ ሞተር ይከተላሉ። መቁረጫው ለ180ው 8×8 ሚሊሜትር ነው፤ 12 ገዝቶ የመጣ ሰው ከሴንተር በላይ ስለሚሆንበት ማስፋቅ ይኖርበታል። ቁመቱን ለማወቅ የዘንግ ፊት ይላጡ፤ መሃል ላይ ጡት የመሰለ ከቀረ መቁረጫው ከሴንተር ጋር አልተስተካከለም፣ ሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ ይጨመርበት ወይም ይቀነስ። ለጀማሪ ኤችኤስኤስ ይሻላል። ካርባይድ ፍጥነትና ጥንካሬ ይፈልጋል፤ በሚንቀጠቀጥ ትንሽ ማሽን ላይ ጫፉ ይሸረፋል።

ቸክ ቁልፉን ቸኩ ላይ ትቶ መሄድ፣ በጓንት መሥራት፣ ነጠላ ወይም ስካርፍ አንጠልጥሎ ማጎንበስ በዚህ ማሽን ፊት አይደረግም። ረጅሙን ፍቅፋቂ በእጅ አይጎትቱ፣ በመንጠቆ ብቻ።

መለማመጃው

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚይዘው ወዳድቆ የሚያገኘውን ፌሮ ነው፤ ከዚያ የባሰ ምርጫ የለም። ጎርባጣ ስለሆነ ቸኩ በደንብ አይጨብጠውም፣ ብዙው ፌሮም ሲመረት ላዩ በውሃ ስለሚጠነክር መቁረጫውን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ማሽኑ መጥፎ ነው ብሎ ያስባል። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ማሽኖች የወጣ ዘንግ ሲገዙ ሞረድ ይዘው ይሂዱ፤ ሞረዱ ከነከሰው ይቆረጣል፣ ከተንሸራተተ ላዩ የጠነከረ ነው፤ የመኪና አክስል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የአሮጌ ቧንቧ ናስ ከሁሉም ይበልጥ ይታዘዛል። አሉሚኒየም መቁረጫው ላይ እየተጣበቀ ካስቸገረ ጥቂት ነጭ ጋዝ በብሩሽ ይነካለት፣ ወዲያው ይለቃል፤ መስኮቱ ግን ክፍት ይሁን።